«ሁሉም ሰው እኩል ነው» ከተባለ፣ የሴቶች መብት ለብቻው ለምን ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በክፍላችን ሕገ መንግሥቱን ስለማሻሻል ስንከራከር አንድ ልጅ እንዲህ አለ። አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው፣ በፆታ ምክንያት ልዩነት አይደረግም ብሎ ጨርሶታል። ስለዚህ አንቀጽ 35 ድግግሞሽ ነው። ሴቶችን ለብቻ መጥቀስ እንዲያውም ደካማ ያስመስላቸዋል። ብዙዎቻችን ዝም አልን። እኔም መልስ አጣሁ። እውነት ሕገ መንግሥት የሴቶችን እኩልነት በግልጽ መጻፍ አለበት? ቢጻፍስ ምን ይለውጣል?»

መልስ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልሽ። አዎ፣ በግልጽና ለብቻው መጻፍ አለበት። ይህን የምለው ለክብር ሲባል አንድ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ይጨመር ብዬ አይደለም። ጠቅላላ ቃል ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚደርስበት የእኛም የሌላውም አገር ታሪክ ስላሳየኝ ነው። የክፍል ጓደኛሽ ያነሳው ሐሳብ ግን ተራ ሐሳብ አይደለም። በብዙ አገር የተከበሩ የሕግ ሰዎች ያነሱታል። ዝም ማለታችሁ አይገርምም። ደግሞም አንድ ቦታ ላይ ልክ ነው፤ እዚያም እንደርሳለን።

መጀመሪያ ከቤታችን እንነሳ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ አይከለከልም ይል ነበር። አንቀጽ 38 ደግሞ በኢትዮጵያውያን መካከል በፍትሐ ብሔር መብቶች ልዩነት አይደረግም አለ። ፆታ የሚል ነገር አልተጻፈም። የመምረጥ መብትም 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ ተሰጠ። በዚያ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። በወረቀት ላይ ሲታይ የጓደኛሽ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ ነበር ማለት ነው። «ሁሉም» ተብሏል፤ ማንም ተለይቶ አልወጣም።

ከዚያ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ቁጥር 635ን ፈልገሽ አንብቢው። ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፤ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነው። የሚስቱን ግንኙነትና አካሄድ እንዲከታተል፣ ለትዳሩ ጥቅም ሲባል እንዲመራት ሥልጣን ተሰጥቶታል። ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ መሥራት የሚስት ግዴታ ነው። የጋራ ሀብቱን በአብዛኛው የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ሆነ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። እኩል ጥበቃ የሚለው ሕገ መንግሥትና ትታዘዘው የሚለው ሕግ አንድ ንጉሠ ነገሥት፣ አንድ መንግሥት ያወጣቸው ናቸው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አምስት ዓመት አይሞላም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሕገ መንግሥቱን አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። ያውቁታል። ግን ተቃርኖ አልታያቸውም። ፓርላማ ውስጥ ሴት ተቀምጣ፣ ያቺው ሴት ቤቷ ስትገባ በሕግ ታዛዥ ትሆናለች መባሉ ግጭት ሆኖ አልተሰማቸውም። ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። ጠቅላላ ቃል የሚነበበው በአንባቢው ልማድ ነው። ዳኛውም፣ ሕግ አውጪውም፣ የቀበሌ ሠራተኛውም «ሁሉም» የሚለውን ሲያነብ ቀድሞ በሚያውቀው ዓለም ይሞላዋል።

«ባህላችን ስለሆነ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ይህንን ንገሪው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሚስት ለባሏ ትታዘዝ የሚለው ድንጋጌ በ1804ቱ የፈረንሳይ ሕግ ውስጥ ነበር። ፈረንሳዮች ይህን ግዴታ ከሕጋቸው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። እኛ ከ20 ዓመት በላይ ቆይተን በአዲስ ሕግ ጻፍነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአገር ባህል ብቻ አይደለም። በየትኛውም አገር ልማድ ክፍት ቦታ ካገኘ ይገባበታል።

ወደ አሜሪካ እንሂድ። እዚያ ያለው ታሪክ ለጓደኛሽ ሐሳብ ጥሩ መፈተኛ ነው። እዚያ «ሁሉም ሰው» ብቻውን እንዲሠራ ረጅም ጊዜ ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ ማንኛውም ክፍለ ግዛት ለማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ እንዳይነፍግ ይከለክላል። ማይራ ብራድዌል የምትባል የኢሊኖይ ሴት የሕግ ፈተናውን አልፋ የጥብቅና ፈቃድ ጠየቀች። ከለከሏት። እ.ኤ.አ. በ1873 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን አጸና። ከዳኞቹ አንዱ የሴት ተፈጥሯዊ ቦታ ቤት ነው የሚል ሐሳብ ጻፈ። በ1875 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ሴት ዜጋ ናት፣ ዜግነት ግን የመምረጥ መብት አይሰጥም አለ። ፍርድ ቤቱ በዚያው የእኩል ጥበቃ ቃል ተጠቅሞ ሴትን የሚለይ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻረው በ1971 ነው። ጉዳዩ ከአይዳሆ የመጣ ነበር። ልጃቸው የሞተባቸው እናትና አባት ማን ንብረቱን ያስተዳድር ብለው ተከራከሩ፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ደግሞ ወንድ ይቀድማል ይል ነበር።

ከ1868 እስከ 1971 ያለውን ቁጠሪው። 103 ዓመት ነው። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው አንባቢው ነው። በዚያ መካከል ስንት ትውልድ ሴት ኖራ አለፈች!

ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት አሊስ ፖልና ጓደኞቿ ይህን ቀድመው አይተውት ነበር። የመምረጥ መብት በ1920 እንደተገኘ አልተቀመጡም። በ1923 የእኩል መብት ማሻሻያ የሚባለውን ረቂቅ ለኮንግረስ አስቀረቡ። ኮንግረስ ያሳለፈው ከ49 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው። ለመጽደቅ የ38 ክፍለ ግዛቶች ድምፅ ያስፈልግ ነበር። 35 ላይ ቆመ። የጊዜ ገደቡ ወደ 1982 ተራዘመ፤ እሱም አለፈ። ኔቫዳ በ2017፣ ኢሊኖይ በ2018፣ ቨርጂኒያ በ2020 ሲያጸድቁ ቁጥሩ ሞላ፤ ግን ገደቡ ካለፈ በኋላ የመጣ ድምፅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ክርክር ተነሳ። «ምን ያስፈልጋል፣ ፍርድ ቤቶች እኮ አሁን ሴቶችን ይጠብቃሉ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ ይጠብቃሉ። ነገር ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በሥልጣን ላይ እያሉ፣ በ2011 በታተመ ቃለ ምልልስ፣ ሕገ መንግሥቱ የፆታ ልዩነትን አይከለክልም ብለው በይፋ ተናግረዋል። በዘጠኝ ዳኞች አተረጓጎም ላይ የተመሠረተ መብት በዘጠኝ ዳኞች ሊወሰድ ይችላል። በጽሑፍ የተቀመጠውን ለመውሰድ ግን ጽሑፉን ራሱ መንካት ግድ ይላል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የጀርመንን ነው። የሕግ ተማሪ ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ። ጀርመን በ1919 (ይህም እ.ኤ.አ. ነው) ባወጣችው የቫይማር ሕገ መንግሥት ሴቶችን ጠቅሳ ነበር። ወንዶችና ሴቶች «በመርህ ደረጃ» አንድ ዓይነት «የዜግነት» መብትና ግዴታ አላቸው ይላል። ሁለቱን ማለዘቢያዎች አየሻቸው? በመርህ ደረጃ ከተባለ ለየት ያለ ሁኔታ ይፈቀዳል። የዜግነት መብት ከተባለ ደግሞ ምርጫ እንጂ ቤት ውስጥ ያለው ነገር አይነካም። ስለዚህ በትዳር ጉዳይ ሁሉ ወሳኙ ባል ነው የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዳለ ቀጠለ። ከእኛ ቁጥር 635 ጋር ወንድማማች ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አዲሱን መሠረታዊ ሕግ ለማርቀቅ 65 ሰዎች ቦን ከተማ ተሰበሰቡ። ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱ አንዷ የሕግ ባለሙያዋ ኤሊዛቤት ዜልበርት ናት። የቀረበው ረቂቅ የቫይማርን ቃል የሚደግም ነበር። እሷ ግን «ወንዶችና ሴቶች እኩል መብት አላቸው» የሚል፣ ማለዘቢያ የሌለው ዓረፍተ ነገር ይግባ አለች። ተቃዋሚዎቿ ያቀረቡት ምክንያት ሊገርምሽ ይችላል። ይህ ከገባ የቤተሰብ ሕጉ በሙሉ ይፈርሳል አሉ። አስቢው። አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከደጋፊዎቹ ይልቅ ተቃዋሚዎቹ በደንብ ገብቷቸው ነበር። ሐሳቧ በድምፅ ተሸነፈ። ዜልበርት ከከተማ ከተማ እየዞረች ሴቶችን ቀሰቀሰች። የሴቶች ማኅበራትና የሴት ሠራተኞች ደብዳቤ በገፍ ወደ ቦን ጎረፈ። በጥር 1949 ያው ጉባኤ ተቀበለው።

ግን ዋናው ብልሃት ሌላ ነው። እዚያው መሠረታዊ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 117 ገባ። ከእኩልነቱ ጋር የሚቃረን ሕግ እስከ መጋቢት 31 ቀን 1953 ድረስ ብቻ ይቆያል ይላል። ፓርላማው ቀኑ ሲደርስ አዲስ ሕግ አላዘጋጀም ነበር። አንቀጹ ግን ሥራውን ሠራ። ተቃራኒዎቹ ድንጋጌዎች ወደቁ፤ ዳኞች ሕገ መንግሥቱን በቀጥታ እያነበቡ መፍረድ ጀመሩ። ፓርላማው የእኩልነት ሕጉን ያወጣው በ1957 ነው። እሱም ውስጥ በልጆች ጉዳይ ባልና ሚስት ካልተስማሙ የአባት ቃል ይጽና የሚል አስቀርቶ ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1959 ሻረው። ያም ሆኖ ሚስት ሥራ የምትሠራው ከቤት ግዴታዋ ጋር እስከተስማማ ድረስ ነው የሚለው ከጀርመን ሕግ የወጣው በ1977 ነው። ግልጽ አንቀጽም ቢሆን በአንድ ቀን ሁሉን አይለውጥም። ነገር ግን እያንዳንዱን ቀሪ ድንጋጌ ለመንቀል የሚያዝ እጀታ ሰጥቷል።

አሁን ከጓደኛሽ ሐሳብ ልክ ወደሆነው ክፍል ልምጣ። ምናልባት «በግልጽ ተጽፎም ምንም ያልተፈየደበት ጊዜ አለ» ብሎ ሊመልስልሽ ይችላል። እውነቱን ነው። ምሳሌውም እኛው ነን። በ1979 ዓ.ም. በሕዝብ ውሳኔ የጸደቀው የደርግ ዘመን ሕገ መንግሥት ሴቶችና ወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው፣ መንግሥትም ለሴቶች ልዩ ድጋፍ እንደሚያደርግ ጽፏል። ቁጥር 635 ግን በዚያው ነበር። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ከአራት ዓመት በላይ አልኖረም። ሴቶች ከመንግሥት ውጭ በነጻነት ተደራጅተው ይህ ሕግ ከዚያ ጋር ይጋጫል የሚሉበት መንገድም አልነበረም። ስለዚህ ጽሑፉ ብቻውን ይበቃል አልልም። ጽሑፉን ይዞ የሚጮህ ሰውና የሚሰማ ተቋም ያስፈልጋል።

ይህ የታየው በ1987 ዓ.ም. ነው። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35ን ይዞ ወጣ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በዚያው ሰሞን ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ኋላ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነዋል። የማኅበሩ ክርክር ቀላልና ለመመለስ የሚያስቸግር ነበር። አንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡ፣ በትዳር ሳሉና ሲፋቱ እኩል ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 35 ይህንኑ ያጠናክራል፤ አንቀጽ 9 ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግም ልማድም ተፈጻሚነት የለውም ይላል። ታዲያ ቁጥር 635 በምን ቆመ? «ሁሉም ሰው» ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ የሚጀምረው ሚስት በቤቷ ውስጥ ከ«ሁሉም» ትቆጠራለች ወይ ከሚለው ነበር። አሁን ግን ያ በር ተዘግቷል። ማስረዳት ያለበት ሕጉ ይቆይ የሚለው ወገን ሆነ።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የወጣው እንዲህ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት ያስተዳድራሉ፤ መኖሪያቸውንም በጋራ ይመርጣሉ። መታዘዝ የሚለው ጠፋ። ይህ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች በየጊዜያቸው የራሳቸውን አወጡ። አንዳንዶቹ ፈጠኑ፣ አንዳንዶቹ በጣም ዘገዩ። ልብ በዪ፣ ከሕገ መንግሥቱ እስከ ፌዴራሉ ሕግ እንኳን አምስት ዓመት ፈጅቷል። በእኛ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንደ ጀርመኑ ያለ ቀነ ገደብ የለም።

የወንጀል ሕጉም እንዲሁ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። እሷ «በፈቃዷ» ካገባችው ነው የሚለው። አንዲት የተጠለፈች ልጅ በሽማግሌ ተከባ፣ ወላጆቿ እያፈሩባት የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ አገሬው ሁሉ ያውቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ገልብጦታል። ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። ጎጂ ልማድን የሚከለክለው የአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 4 ከዚህ ለውጥ ጀርባ አለ።

እስኪ አሁን ወደ ጥያቄሽ አስቸጋሪ ክፍል እንግባ። አንቀጽ 25 «ፆታ» የሚለውን ጠቅሷል። እንደ 1948ቱ ወይም እንደ አሜሪካው ዝም አላለም። ታዲያ 35 ምን ጨመረ? አንቀጽ 25 ዋና ሥራው መከልከል ነው። ሕጉ ሰውን በፆታው አይለይ ይላል። ግን የሴቶች ችግር ሁልጊዜ ከሚለይ ሕግ አይመጣም። ሕጉ አንድ ሆኖ ኑሮው የተለያየ በሚሆንበት ቦታ መከልከል ብቻ አይበቃም።

መሬትን እንይ። ንዑስ አንቀጽ 7 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የማስተላለፍ መብት አላቸው ካለ በኋላ መሬትንና ውርስን በስም ይጠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በገጠር መሬት ማለት ኑሮው ነው። የይዞታ ምስክር ወረቀት መስጠት ሲጀመር ትግራይ ቀደመች። መጀመሪያ የተሰጠው ግን በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ባል ከቤት ካለ ባል ነው። ሕጉ ሴትን አልከለከለም። ቅጹ ላይ ያለው የስም ቦታ አንድ መሆኑ በቂ ነበር። በአማራ ክልል በኋላ በወጣው የይዞታ ደብተር የሚስትም የባልም ስም ከነፎቶግራፋቸው እንዲሰፍር ተደረገ። እዚህ አገር አንዲት አርሶ አደር ሴት ከባሏ ስትለያይ ወይም ባሏ ሲሞት ምን እንደሚገጥማት የሚያውቅ ሰው የዚያች ፎቶ ዋጋ ይገባዋል። የባል ወንድሞች መጥተው «መሬቱ የወንድማችን ነው» ሲሉ የምታሳየው ነገር አላት። እንዲህ ያለ ቅጽ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው «መሬት» እና «ሴት» አንድ ንዑስ አንቀጽ ውስጥ መጻፋቸው ነው እንጂ «ልዩነት አይደረግም» የሚለው አይደለም።

የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ ነው። ወንድ አይወልድምና «እኩል አስተናግዱ» የሚል ሕግ ስለ ወሊድ ምንም አይልም። ንዑስ አንቀጽ 5 ከነሙሉ ክፍያው ደነገገው። የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ 90 ቀን ይሰጥ ነበር፤ አዋጅ 1156/2011 ወደ 120 ቀን አሳደገው። ሕግ አውጪው ቀኑን ሊቀያይረው ይችላል። መብቱን ራሱን ግን ማንሳት አይችልም።

ውጭ ላላችሁ አንባቢዎችም አንድ ልጨምር። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች ይል ነበር። የውጭ ዜጋ ያገባ ኢትዮጵያዊ ላይ ግን ይህ አልነበረም። አሁን አንቀጽ 33 ከውጭ ዜጋ ጋር መጋባት የሴትም የወንድም ኢትዮጵያዊነትን አያስቀርም ይላል። አንቀጽ 6 ደግሞ ወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑ ልጅ፣ ወንድም ትሁን ሴት፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እናት ብቻ ኢትዮጵያዊት መሆኗ ይበቃል። ስንቱ ስደት ላይ የተወለደ ልጅ በዚህ ተጠቃሚ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። ሴቶች ከታሪክ የወረሱት የበታችነት እንዲታረም የድጋፍ እርምጃ ይወሰድላቸዋል ይላል። ሴት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚደረግላቸው የመግቢያ ነጥብ ድጋፍ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ላይ ያለው ቅድሚያ መሠረቱ ይህ ነው። አሁን 35ን ሰርዘሽ 25ን ብቻ አስቀሪው። ነገ አንድ ወንድ አመልካች ተነስቶ «በፆታ ልዩነት አይደረግም ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ ድጋፍ እኔን ይለየኛል» ብሎ ቢከስ ያሸንፍ ይሆናል። የእኩልነት አንቀጹ ራሱ የእኩልነት እርምጃውን ማፍረሻ ይሆናል ማለት ነው። ጀርመኖችም ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1994 መንግሥት ለተግባራዊ እኩልነት ይሠራል የሚል ጨመሩበት። ድግግሞሽ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

«ደካማ ያስመስላቸዋል» ለሚለው ብዙ አልጽፍም። ሕገ መንግሥታችን ሠራተኞችን ለብቻ ይጠቅሳል፤ ሕፃናትን፣ የተያዙ ሰዎችን፣ ብሔር ብሔረሰቦችንም እንዲሁ። ብሔሮችን በአንቀጽ 39 መጥቀስ ደካማ ያስመስላቸዋል ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ሰው በሕግ የሚጠቀሰው በደል የደረሰበት ቦታ ላይ ነው። ድክመት አይደለም፤ የደረሰ ነገር መመዝገብ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ አንቀጽ 35 ያልደረሰበትን ካልነገርኩሽ ልክ አይሆንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል አለው። ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። አንቀጽ 35ን በእጁ ይዞ ይህን ቃል የሚያነብ ሰው እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ሊያስረዳኝ አይችልም። ታዲያ ለምን አልወደቀም? አንዱ ምክንያት መንገዱ ነው። በእኛ አገር ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጣርቶ ያቀርብለታል። ምክር ቤቱ የፖለቲካ ተቋም ነው። ዳኞችም ብዙ ጊዜ ሕገ መንግሥታዊ ጉዳይ ሲነሳ ይሸሻሉ። አንቀጽ 13 ግን በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶች መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል።

መንገዱ ሲሠራ ደግሞ ይሠራል። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዬን እንዲያይ ፈቃደኛ አይደለሁም አለች። ፍርድ ቤቱ ግን አይቶ ወሰነ። በየደረጃው ይግባኝ ብላ አልተሳካላትም። በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያለፈቃዷ መዳኘቷ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ውሳኔውን ሻረ። ያዳናት አንቀጽ 34 ውስጥ የተጻፈው «በተከራካሪዎቹ ፈቃድ» የሚለው ነው። የሃይማኖት ፍርድ ቤት መሄድ የምትፈልግ ሴት መብቷ ነው፤ የማትፈልገውም መብቷ ነው። ይህ በግልጽ ባይጻፍ ኖሮ በምን ትከራከር ነበር?

ሌላው ምክንያት ሰዎቹ ናቸው። አዋጅ 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ፣ በፆታ እኩልነትም ጭምር፣ እንዳይሠሩ ከለከለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጨምሮ ለድሃ ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ ተቋማት እጅና እግራቸው ታሰረ። አንቀጽ 35 አንድ ፊደል አልተነካም። ፍርድ ቤት በር ላይ አብሯት የሚቆም ሰው ግን ጠፋ። አዋጁ በ1113/2011 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ስንት ጉዳይ ሳይከፈት እንደቀረ ሳስብ ያናድደኛል።

ስለዚህ ክርክሩ ክፍላችሁ ውስጥ እንደገና ከተነሳ፣ «35 ይቅር ወይስ ይቆይ» ከሚለው አውጪው። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ከተባለ 35 ላይ የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ የለም። እኔ ብጠየቅ ሁለት ነገር አስገባ ነበር። አንደኛው የጀርመኑ ቀነ ገደብ ነው። ከዚህ አንቀጽ ጋር የሚቃረን ማንኛውም የፌዴራልም የክልልም ሕግ ከዚህ ቀን በኋላ ዋጋ የለውም የሚል። ሁለተኛው ማንኛውም ዳኛ ይህን አንቀጽ በቀጥታ እንዲሠራበት የሚያዝ፣ ጉዳዩ ወደ ምክር ቤት ተልኮ ለዓመታት እንዳይንጠለጠል የሚከለክል ንዑስ አንቀጽ ነው። አንቀጽ 105 እንደሚለው የሦስተኛው ምዕራፍ መብቶች የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቁት፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም በየራሳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። አንድ ክልል ብቻ እምቢ ካለ ይቆማል። በሌላ በኩል ይኸው አጥር 35ን «ድግግሞሽ ነው» ብሎ መሰረዝንም እንዲሁ ከባድ ያደርገዋል። «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን ቃል ከወንጀል ሕጉ ለማውጣት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ተራ አዋጅ ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ሊያወጣው ይችላል። ለጓደኞችሽ ይህን ብትነግሪያቸው፣ ክርክሩ ከእሱ ቢጀመር ደስ ይለኛል።